«ፌት ኦፍ አትላንቲስ»ን የሌላ ሰው መልስ ሳይገለብጡ መጨረስ

«ኢንዲያና ጆንስ ኤንድ ዘ ፌት ኦፍ አትላንቲስ» የተባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ ጀምሮ መሃል ላይ የሚያቆም ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያቆመው እንቆቅልሹ ስለከበደው አይደለም። ከኢንተርኔት ያገኘውን መልስ ቃል በቃል ገልብጦ በሩ አልከፈት ስለሚለው ነው። ጨዋታው አንዳንዶቹን መልሶች አዲስ በጀመራችሁ ቁጥር ይቀያይራቸዋል። መጽሐፉ የተደበቀበት ቦታ፣ የድንጋይ ዲስኮቹ የሚገጥሙበት አቅጣጫና በረሃው ውስጥ የሚፈለገው ሰፈር ለአንዱ ተጫዋች እዚህ፣ ለሌላው እዚያ ይሆናል። ስለዚህ ከዚህ ጽሑፍ የምታገኙት መልሱን ራሳችሁ የምታወጡበትን መንገድ ነው። ለሁሉም ተጫዋች አንድ የሆነውን ግን በግልጽ እንነግራችኋለን፤ ምንም ሳይነገራችሁ መጫወት የምትፈልጉ ከዝግጅቱና ከአጨዋወቱ ክፍል በኋላ አቁሙ።

ጨዋታውን ሉካስአርትስ ያወጣው በ1992 እ.ኤ.አ. ነው። ንድፉ የሃል ባርውድና የኖኣ ፋልስታይን ነው። ታሪኩ የሚካሄደው በ1939 እ.ኤ.አ. ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 1931 ዓ.ም. ግድም፣ አገራችን በፋሺስት ወረራ ሥር በነበረችበት ዘመን ማለት ነው። ናዚዎች አትላንቲስ የተባለችውን የሰጠመች ከተማ ኃይል ለጦርነት ሊያውሉት ይፈልጋሉ፤ አርኪዮሎጂስቱ ኢንዲ ሊቀድማቸው ይሮጣል። በዚያ ዘመን በርካሽ ወረቀት እየታተሙ ይሸጡ የነበሩትን የጀብዱ መጽሔቶች መንፈስ ሙሉ በሙሉ ይዟል፦ የጠፋ መጽሐፍ፣ የተረገመ ሐብል፣ በየአገሩ የሚደረግ ጉዞ።

ዝግጅቱ

ጨዋታው በስቲምና በጂኦጂ ይሸጣል። ዛሬ ባለው ኮምፒውተር ላይ በደንብ ለማስኬድ ስካምቪኤም የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ተጠቀሙ፤ በዊንዶውስ፣ በማክ፣ በሊኑክስና በአንድሮይድ ስልክ ይሠራል። ስካምቪኤምን ጫኑ፣ ክፈቱ፣ «አድ ጌም» የሚለውን ተጫኑና የጨዋታው ፋይሎች ያሉበትን ፎልደር ምረጡ። ፎልደሩ ትክክለኛ መሆኑን የምታውቁት ስማቸው «አትላንቲስ» ሆኖ ቅጥያቸው 000 እና 001 የሆነ ሁለት ፋይሎች ሲኖሩት ነው። ድምፅ ያለው እትም ደግሞ «ሞንስተር» የሚባል ትልቅ የድምፅ ፋይል አለው። ሰዎቹ አፋቸውን እያንቀሳቀሱ ድምፅ ካልተሰማችሁ ወይ ይህ ፋይል ከሌሎቹ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ የለም፣ ወይ ቅንብሩ «ጽሑፍ ብቻ» ላይ ነው። ሁለተኛውን ኮንትሮልና ቲን አንድ ላይ በመጫን ታስተካክላላችሁ። ድምፅም ጽሑፍም የሚለውን ምረጡ፤ ፍንጩ ሁሉ ንግግር ውስጥ ስለሆነ በጆሮ ያመለጠውን ዓይን ይይዘዋል።

ምስሉ የተሳለው 320 በ200 ነጥብ ሆኖ ለድሮው አራት ማዕዘን መስኮት ነው። ኢንዲ አጭርና ወፍራም ሆኖ ከታያችሁ በግራፊክስ ቅንብሩ ውስጥ «አስፔክት ሬሾ ኮሬክሽን» የሚለውን አብሩት።

ጥቂት ቁልፎችን በቃላችሁ ያዙ። ኤፍ 5 ሴቭ ለማድረግና የተቀመጠውን ለመክፈት ነው። ስፔስ ያቆማል። የነጥብ ቁልፍ አንድ ዓረፍተ ነገር ያሳልፋል። ኢስኬፕ ትዕይንቱን ሙሉ ይዘልላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጫወቱ አትንኩት። ጽሑፉ ቶሎ ቶሎ እየጠፋ ካስቸገራችሁ የመቀነስ ምልክቱን ደጋግማችሁ ጫኑ፣ ፍጥነቱ ይወርዳል። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋው ለሆነ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አጨዋወቱ

ከስክሪኑ ግርጌ ዘጠኝ ግሦች አሉ። «ጊቭ» መስጠት፣ «ኦፕን» መክፈት፣ «ክሎዝ» መዝጋት፣ «ፒክ አፕ» ማንሳት፣ «ሉክ አት» ማየት፣ «ቶክ ቱ» ማነጋገር፣ «ዩዝ» መጠቀም፣ «ፑሽ» መግፋት፣ «ፑል» መሳብ ነው። መጀመሪያ ግሡን፣ ቀጥሎ ዕቃውን ወይም ሰውየውን ትጫናላችሁ። የቀኝ ክሊክ ለዚያ ነገር የተለመደውን ድርጊት በአንድ ጊዜ ይፈጽማል፤ በር ከሆነ ይከፍተዋል፣ ሰው ከሆነ ያናግረዋል። ግሦቹ አጠገብ ያሉት ሥዕሎች ኢንዲ የያዛቸው ዕቃዎች ናቸው። አንዱን በሌላው ላይ ለመጠቀም «ዩዝ» ብላችሁ ሁለቱን ተራ በተራ ንኩ።

ወደ አዲስ ክፍል ስትገቡ ጠቋሚውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ቀስ አድርጋችሁ አሳልፉት። ስም የሚያወጣ ነገር ሁሉ በጨዋታው ውስጥ ሥራ ወይም ፍንጭ አለው ብላችሁ አስቡ። ስም ያለውን ሁሉ «ሉክ አት» በሉት። ብዙ ሰው ይህን ይዘልልና በኋላ ያገኘውን ዕቃ ሁሉ ባየው ነገር ላይ መሞከር ይጀምራል። ስሌቱን ተመልከቱት፦ 12 ዕቃ ይዛችሁ 10 ነገር ያለበት ክፍል ውስጥ ብትቆሙ 120 ሙከራ ነው፤ ያውም በአንዱ ግሥ ብቻ። ማየት ግን አሥር ክሊክ ይፈጃል፣ ከኢንዲ አፍ የሚወጣው አስተያየትም አብዛኛውን ጊዜ መፍትሔውን ይጠቁማል።

ንግግርም እንደዚሁ ነው። የሚቀርቡላችሁን የንግግር ምርጫዎች አሟጥጡ። አንድ ሰው ስም ከጠራ ወይም አገር ከጠቀሰ ማስታወሻ ደብተራችሁ ላይ ጻፉት። ወረቀትና እርሳስ ለዚህ ጨዋታ ከማውሱ እኩል ያስፈልጋሉ።

የመጀመሪያዎቹ አገሮች

መግቢያው ራሱ መለማመጃ ነው። ባርኔት ኮሌጅ ጣሪያ ሥር ትጀምራላችሁ፤ ዕቃ እየነካችሁ፣ ኢንዲ ከፎቅ ፎቅ እየወደቀ ምድር ቤት ያለው ማሞቂያ ክፍል ድረስ ትደርሳላችሁ። ቁም ሳጥኑን ስትከፍቱ የምትፈልጉት ሐውልት እዚያ ነው። በዚህ ክፍል መሳሳት አይቻልም። ክፍሎቹን ግን ልብ በሉ፣ በኋላ ትመለሱባቸዋላችሁ።

ኒውዮርክ ላይ የኢንዲ የቀድሞ ባልደረባ ሶፊያ ሃፕጉድ ንግግር የምታደርግበት ቲያትር ውስጥ መግባት አለባችሁ። ሦስት መንገድ አለ፦ በሩ ላይ ያለውን ሰው በቡጢ መጣል፣ በወሬ ማግባባት፣ ወይም ሳጥኖቹን ገፍቶ በእሳት ማምለጫው መሰላል መውጣት። ከመግባታችሁ በፊት ፊት ለፊት ካለው ጋዜጣ መሸጫ ጋዜጣ አንሱ። ከመድረኩ ጀርባ ያለው ሠራተኛ ከመቆጣጠሪያው አጠገብ አልነቃነቅ ይላል፤ ጋዜጣውን ስጡትና ማንበብ ሲጀምር ማንሻዎቹንና ቁልፉን ንኩ።

ቀጥሎ አይስላንድ፣ ቲካልና አዞርስ ናቸው። ብዙ ሰው እዚህ ይደናገራል፤ የሦስቱ አገሮች ሥራ እርስ በርሱ የተቆላለፈ ነውና። አዞርስ ያለው ኮስታ የተባለ ሰው መረጃ የሚሰጠው በልዋጭ ነው፤ የሚፈልገው አይስላንድ ውስጥ በበረዶ የተያዘውን የኢል ቅርጽ፣ ማለትም እባብ የሚመስለውን ዓሣ ነው። በረዶውን የሚያቀልጠው ኦሪካልከም የተባለው ማዕድን ዶቃ ነው። ዶቃው ያለው ደግሞ ቲካል ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ አይስላንድ ሄዳችሁ ሃይምዳል የተባለውን ተመራማሪ እስኪጨርስ አናግሩት፤ የሌሎቹን ሁለት ሰዎች ስምና ቦታ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ከዚያ ቲካል፣ ተመልሳችሁ አይስላንድ፣ በመጨረሻ አዞርስ።

ቲካል ጫካ ውስጥ ገደሉን ለመሻገር መውጣት ያለባችሁን ዛፍ እባብ ይዞታል። እዚያ አካባቢ የሚርመሰመሰውን ትንሽ እንስሳ በጅራፍ እያስደነገጣችሁ ወደ ዛፉ ሥር ንዱት፤ እባቡ እሱን ሲይዝ መንገዱ ይለቀቃል። እንስሳው ወደ ሌላ አቅጣጫ እየሮጠ ካስቸገራችሁ ምክንያቱ የቆማችሁበት ቦታ ነው፤ ከዛፉ ተቃራኒ በኩል ዙሩና ከኋላው ሆናችሁ ምቱ።

ቤተ መቅደሱን የሚጠብቀው ስተርንሃርት የፕላቶን የጠፋ ውይይት ርዕስ ይጠይቃል። መልሱን የሚያውቀው እዚያው ያለው በቀቀን ነው፤ ስለ ርዕሱ ጠይቁት። መልሱ «ሄርሞክራተስ» ነው። ይህ የጨዋታው ፈጠራ ብቻ አይደለም። ፕላቶ ስለ አትላንቲስ የጻፈው «ቲሜዎስ» እና «ክሪቲያስ» በተባሉ ሁለት ውይይቶች ነው፤ ሄርሞክራተስ በሁለቱም ውስጥ ያለ ተናጋሪ ነው፣ ሦስተኛው ውይይት በእሱ ስም ታስቦ እንደነበርም ከ«ክሪቲያስ» ይታወቃል፤ እጃችን ግን አልገባም። ጨዋታው ታሪኩን የሠራው በዚህ ክፍተት ላይ ነው፣ ለእኛም ከሁሉ የሚያምርብን ይኸው ነው።

ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ሶፊያ ስተርንሃርትን በወሬ እንድትይዝላችሁ አድርጉና ውጭ ያለውን ፋኖስ አንሱ። ፋኖሱን ክፈቱት፣ ጋዙን ግድግዳው ላይ ባለው ጥምዝምዝ ቅርጽ ላይ አፍስሱት። የተጣበቀው ይላቀቅና በእጅ ይነሳል። ኩምቢ የጎደለው የእንስሳ ራስ ላይ ግጠሙትና ሳቡት፤ መቃብሩ ይከፈታል። ዶቃውን ሳታነሱ አትውጡ።

የጠፋው መጽሐፍ

ኮስታ ከተናገረ በኋላ የፕላቶን የጠፋ ውይይት የያዘው መጽሐፍ ባርኔት ኮሌጅ እንደሆነ ይታወቃል። ከላይ ያልነው መቀያየር የሚጀምረው እዚህ ነው። ሦስት መደበቂያዎች አሉ፣ በእናንተ ጨዋታ ውስጥ ትክክለኛው አንዱ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሦስቱንም መክፈት መቻል አለባችሁ።

አንደኛው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የወደቀው መደርደሪያ ነው። ጀርባው በብሎን ታስሯል፤ መፍቻ የለም። የድንጋይ ቀስት ጫፉን በቆሻሻው ጨርቅ ጠቅልላችሁ እንደ መፍቻ ተጠቀሙበት፤ ጨርቁ ከሌለ እጅን ይቆርጣል። ሁለተኛው የሰም ድመት ነው፤ እሳቱ ውስጥ ስትከቱት ሰሙ ይቀልጣል። ሦስተኛው ጣሪያ ሥር ነው። ወደዚያ የሚያወጣው የተቀረጸው የእንጨት ምሰሶ ሲሆን ከባድ ስለሆነ አልንቀሳቀስ ይላል። ከኢንዲ ቢሮ ማዮኔዙን አምጡና ቅቡት፣ ከዚያ ይንሸራተታል። ከማሞቂያው ክፍል በከሰል መውረጃው ወደ ላይ መውጣት ካስፈለጋችሁ ደግሞ ማስቲካው እግር ያስይዛል።

መጽሐፉን ካገኛችሁ በኋላ «ሉክ አት» ብላችሁ እያንዳንዱን ገጽ አንብቡ። ከዚያ ሁሉንም ገጾች ስክሪንሾት አንሱ ወይም በወረቀት ገልብጡ። ከዚህ በኋላ ያሉት የድንጋይ በሮች ሁሉ መልስ ያለው እዚህ ገጽ ላይ ነው፣ የእናንተ ገጽ ደግሞ ከሌላው ሰው ገጽ ይለያል።

ሦስቱ መንገዶች

ሶፊያ ቀጣዩን ጉዞ እንዴት ማድረግ እንደሚሻል ትጠይቃችኋለች። ከዚህ ወዲያ ጨዋታው በሦስት ይከፈላል፣ ሦስቱም አትላንቲስ ላይ ይገናኛሉ። ከጥያቄው በፊት ለብቻው ሴቭ አድርጉ፣ ስሙንም «መንገድ» በሉት፤ በኋላ ከዚሁ ተነስታችሁ ሌሎቹን ሁለቱን መጫወት ትችላላችሁ። ሙሉው ነጥብ 1000 ነው፣ በአንድ መንገድ ብቻ አይሞላም።

የቡድን መንገድ ከሶፊያ ጋር ነው፤ ንግግሩ ብዙ፣ እንቆቅልሹ መካከለኛ ነው። ለጀማሪ የምንመክረው ይህን ነው፤ ስትቸገሩ ከእሷ ጋር መነጋገር ስለምትችሉ። የብልሃት መንገድ ኢንዲ ብቻውን የሚሄድበት ነው፣ ዕቃ በዕቃ ላይ የሚያሠራ ከባድ እንቆቅልሽ ይበዛበታል። የቡጢ መንገድ አጭር ነው፣ ድብድብ ይበዛበታል። ድብድቡ በኪቦርዱ ቀኝ ባለው የቁጥር ክፍል ይመታል፣ ይመከታል። እዚያው ያለው 0 ቁጥር በአንድ ምት ይጥላል፤ በዚህ ያሸነፋችሁት ድብድብ ግን ነጥብ የለውም። ላፕቶፓችሁ የቁጥር ክፍል ከሌለው ይህን መንገድ ከመምረጣችሁ በፊት አስቡበት። በቡጢ መሸነፍ ሊገድል ይችላል።

በቡድን መንገድ ሰዎች የሚቆሙባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው ሞንቴ ካርሎ ውስጥ ትሮቲዬ ከተባለ ሰው ጋር የሚደረገው የመናፍስት ጥሪ ነው። መብራቱን አጥፍታችሁ አንሶላ፣ ጭንብልና የእጅ ባትሪ በማዋሃድ ኢንዲን መንፈስ ማስመሰል ነው ሥራው። ሁለተኛው አልጀርስ ነው። ለማኙ የፊኛ ትኬት ይዟል፤ በእንጨት ተሰክታ የተጠበሰችውን እርግብ ስትሰጡት ይለቅላችኋል። ፊኛውን ያሰረውን ገመድ ለመቁረጥ ቢላ ያስፈልጋል፣ ቢላው ያለው ቢላ ወርዋሪው ዘንድ ነው፤ ሶፊያን ወደ እሱ ግፏት። ትቆጣለች፣ ቢላው ግን ይገኛል።

በረሃው ላይ ፊኛዋ ስትወርድ ዘላኖቹን እያናገራችሁ የቁፋሮውን ቦታ አቅጣጫ ጠይቁ። ቦታው ይቀያየራልና የሌላ ሰው ካርታ አይረዳችሁም። ቁፋሮው ውስጥ ጨለማ ነው፤ መጀመሪያ ላይ የዕቃዎቹ ስም ግልጽ አይወጣም። ጠቋሚውን በጨለማው ላይ ቀስ አድርጋችሁ አሳልፉ፤ ቱቦ፣ የሸክላ ማሰሮና ጀነሬተር ታገኛላችሁ። ነዳጅ ውጭ ከቆመው መኪና በቱቦው ወደ ማሰሮው ይቀዳል።

ዲስኮቹ

የፀሐይ፣ የጨረቃና የዓለም ድንጋይ የሚባሉ ሦስት ክብ ድንጋዮች አሉ። ዘንጉ ላይ አንዱ በአንዱ ላይ ይደረደራሉ፤ የፀሐዩ ከታች፣ በላዩ የጨረቃው፣ ከላይ የዓለሙ ነው። በመጀመሪያዎቹ በሮች የፀሐዩ ብቻውን ይበቃል፣ ቀርጤስ ላይ ሁለቱ፣ አትላንቲስ ላይ ሦስቱም ያስፈልጋሉ። አዙራችሁ ስትጨርሱ ዘንጉን መግፋት አትርሱ፤ ትክክል አዙሮ ሳይገፋ «አልሠራም» የሚል ሰው ብዙ ነው።

በሩ ካልተከፈተ ሦስት ነገር ፈትሹ። ያነበባችሁት የመጽሐፉ ክፍል የዚህ በር መሆኑን፤ እያንዳንዱ ቦታ የራሱ አንቀጽ አለው። ምልክቱን በትክክል መለየታችሁን፤ የምትወጣ ፀሐይና የምትጠልቅ ፀሐይ ይመሳሰላሉ። ሦስተኛ፣ አንቀጹን እስከ መጨረሻው ማንበባችሁን፤ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ሐረግ ድንጋዩን ከተባለው ተቃራኒ እንድታዞሩት ሊያዝ ይችላል።

ቀርጤስ ላይ፣ ክኖሶስ ፍርስራሽ ውስጥ፣ የቀያሽ መሣሪያውን በኮርማው ራስ ሐውልትና በጅራቱ ሐውልት ላይ ተራ በተራ ተክላችሁ ወደ ሁለቱ የድንጋይ ቀንዶች አነጣጥሩ። ሁለቱ መስመሮች የሚቋረጡበትን ቆፍሩ፤ የጨረቃው ድንጋይ እዚያ ነው። ላብራቶሪው ውስጥ ካርታ ሣሉ፤ እያንዳንዱን ክፍል በሳጥን፣ በሮቹን በመስመር። የሚኖታውሩን ሐውልት ራስ በጅራፍ ስትስቡት ወለሉ እንደ አሳንሰር ይወርዳል። ፏፏቴው ሥር የተደበቀ ሰንሰለት አለ። ሦስቱን የድንጋይ ራሶች ያገኛችሁ ጊዜ አንዱንም አትተዉ።

አትላንቲስ

ከተማዋ በሦስት ቀለበት የተሠራች ናት፣ ከውጭ ወደ ውስጥ። እዚህ የሁሉም ነገር ነዳጅ ዶቃ ነው። የድንጋዩን ጽዋ ይዛችሁ ቀልጦ የሚፈሰውን ድንጋይ ቅዱና ዶቃ መሥሪያው ማሽን ውስጥ ጨምሩ፤ ዶቃ ያወጣላችኋል። ወደ ውስጥ ከማለፋችሁ በፊት በቂ ያዙ። ቦዩን የሚጠብቀውን ኦክቶፐስ ለማለፍ ሸርጣን ያስፈልጋል፤ ሸርጣኑ የሚያዘው በጎድን አጥንቱ ወጥመድ ምግብ አስቀምጣችሁ ነው።

ውስጠኛው ቀለበት ላይ ሶፊያን ሐብሏ ይይዛታል፤ ኑር አብ ሳል የተባለው መንፈስ በእሷ አፍ ይናገራል። ሐብሉን ከአንገቷ አስለይታችሁ የቀለጠው ድንጋይ ውስጥ ካልጣላችሁት ጨዋታው ይቀጥላል እንጂ አይቆምም፣ መጨረሻው ላይ ግን አታገኟትም። ቸኩለው የሚያልፉ ሰዎች ይህን የሚያውቁት ዘግይተው ነው። ስለዚህ እዚህ ሲደርሱ አዲስ ሴቭ፤ የድሮውን ሳትደመስሱ።

የመጨረሻው ክፍል ያለ ዕቃ፣ በንግግር ብቻ ያልቃል። የናዚው መኮንን ኬርነር ሰውን አምላክ ያደርጋል የተባለውን ማሽን መጀመሪያ በራሱ ላይ ይሞክራል፣ አይሆንለትም። ከዚያ የናዚዎቹ ሳይንቲስት ኡበርማን ኢንዲን ማሽኑ ላይ ሊያቆመው ይመጣል። መለማመጥም መሳደብም አይሠራም። አምላክ ከሆንኩ መጀመሪያ የምሰድህ ሲኦል ነው የሚለውን ሐሳብ የያዘውን መልስ ምረጡ፤ ኡበርማን ፈርቶ ራሱ ይቆማል። የተሳሳተ መልስ ኢንዲን ይገድለዋልና ከመናገራችሁ በፊት ኤፍ 5።